«የቱን ልላክለት?»፦ ስለ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ኒንቴንዶ ለጎረቤቴ ያስረዳሁት

ባለፈው እሁድ ጠዋት ጎረቤታችን ቡና ጠሩኝ። የምንኖረው አራት ኪሎ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ በር ለበር ነው። አቦሉ እንደተቀዳ ስልካቸውን አቀበሉኝ። አሜሪካ ያለው ወንድማቸው ቴሌግራም ላይ ጽፎላቸዋል፦ «ለልጁ ጌም ልገዛለት ነው። ፕሌይስቴሽን ይሻላል ኤክስቦክስ? የሚያውቅ ሰው ጠይቂና ንገሪኝ።» ልጁ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው።

«ልጄ፣ ሁለቱም ጌም አይደሉም እንዴ? ልዩነታቸው ምንድነው?» አሉኝ እትዬ።

በአንድ ቃል ልመልስላቸው ነበር። በዚህ ጉዳይ ስከራከር ነው ያደግሁት። ግን አፌን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ገባኝ። እኔና ጓደኞቼ የምንከራከረው ስለ ማሽኑ ጉልበት ነው። እትዬ ማወቅ ያለባቸው ሌላ ነው። ጌሙ እቤት የሚገባው በምን በኩል ነው? በዲስክ? በኢንተርኔት? በየወሩ በሚቆረጥ ዶላር? ሁለቱ ማሽኖች ውስጣቸው ሲከፈት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የሚለያዩት በበራቸው ነው። አራት ኪሎ ቁጭ ብሎ ለሚጫወት ልጅ ደግሞ ዋናው ነገር በሩ ነው።

በረካው እስኪደርስ የነገርኳቸውን እዚህ ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄ ያለበት ቤት ብዙ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ተፎካካሪዎቹ ሦስት ናቸው። የጃፓኑ ሶኒ ፕሌይስቴሽንን ይሠራል። የአሜሪካው ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስን ይሠራል። ሌላው የጃፓን ኩባንያ ኒንቴንዶ ደግሞ ስዊችን። ኒንቴንዶ የሁሉም ታላቅ ነው። የተመሠረተው በ1889፣ አፄ ምኒልክ በነገሡበት ዓመት ነው። ያኔ የሚሠራው የመጫወቻ ካርታ ነበር።

ፕሌይስቴሽን ራሱ የተወለደው ከኩርፊያ ነው። ሶኒና ኒንቴንዶ ሲዲ የሚያጫውት ማሽን አብረው እየሠሩ ነበር። በ1991 ሶኒ ይህንኑ በአደባባይ ባስተዋወቀ ማግስት፣ ኒንቴንዶ «ከፊሊፕስ ጋር እሠራለሁ» ብሎ አወጀ። ሶኒ ተቆጣ። ኬን ኩታራጊ የሚባለው መሐንዲሱ ሥራውን ለብቻ እንዲቀጥል ተደረገ። በታኅሣሥ 1994 የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ማይክሮሶፍት የመጣው ዘግይቶ፣ በኅዳር 2001 ነው።

ዶሮ ማነቂያ የተማርኩት

እኔ ፕሌይስቴሽንን ያወቅሁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ፣ በአንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነው። ሁለት ሆዳም ቴሌቪዥኖች፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። የጆይስቲኩ የግራ አናሎግ ላስቲክ ተልጦ ፕላስቲኩ ወጥቷል። ብዙ ስትጫወት አውራ ጣትህ ላይ ቀይ ክብ ይቀራል። ያንን ክብ ይዤ እቤት ስገባ እናቴ የት እንደዋልኩ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

ሕጉ አንድ ነበር፦ ተሸናፊ ይከፍላል። ጨዋታው ፔስ 6 የሚባለው የኳስ ጌም ነው። ፔስ 6ን የተጫወተ ሰው አድሪያኖን ይረሳል ብዬ አላምንም። የኢንተር ሚላኑ አጥቂ የግራ እግሩ ምት ጉልበት 99 ነበር። ከመሀል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብለህ የምቷን ቁልፍ፣ ካሬዋን፣ ተጭነህ ከያዝካት በረኛው አያድንም። ባለቤቱ በመጨረሻ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ «ኢንተር መያዝ ክልክል ነው»። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ ያቺ ቤትም አብራ ሄደች። ወረቀቷን ግን ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ።

ይህን የማነሳው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 2 በዓለም ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ሌላ ቦታ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው። ዲቪዲ ማጫወቻም ስለነበር ሰው በአንድ ዋጋ ሁለት ዕቃ ገዛ። የጌሞቹም ብዛት አለ። እኛ ጋ ግን ሌላ ምክንያት ነበር። ማሽኑ ላይ ቺፕ ይገጠማል፤ ከዚያ የተቀዳ ዲስክ ያነባል። ዲስኩ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ስምህን አይጠይቅም። የተቀዳ ዲስክ ጌሙን የሠሩትን ሰዎች ድካም የሚበላ ነገር ነው፤ ዛሬ ላይ ሆኜ አላወድሰውም። ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው፦ የአዲስ አበባ ልጅ ፕሌይስቴሽንን የመረጠው በሩ ክፍት ስለነበር ነው።

ስለ በር ካነሳን አይቀር፣ የዚህ ፉክክር ዋናው ምዕራፍ የተጻፈው በ2013 ነው። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ሁለት ነገር አመጣ። ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት። ዲስክ ማዋስና ያገለገለ ዲስክ መሸጥም ገደብ ይደረግበታል። ሶኒ መልሱን የሰጠው በ22 ሰከንድ ቪዲዮ ነበር። ርዕሱ «ጌም እንዴት እንደምንዋዋስ» የሚል ዓይነት ነው። አንድ ሰው የጌም ዲስክ ለሌላው ይሰጣል። ተቀባዩ ያመሰግናል። አለቀ። ቪዲዮው በኢንተርኔት በአንዴ ተዛመተ። ማይክሮሶፍት ሳምንት ከምናምን ቆይቶ ሐሳቡን አነሳ፣ ግን ረፍዶ ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 በ399 ዶላር ወጣ፣ ኤክስቦክስ ዋን በ499። ያ ትውልድ እዚያው ተወሰነ። ፕሌይስቴሽን 4 ከ117 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ፣ ማይክሮሶፍት ከ2015 በኋላ ስንት ማሽን እንደሸጠ መናገሩን ተወው።

ማሽኑ ውስጥ ምን አለ?

አሁን ወደ ጉልበቱ እንምጣ። በኅዳር 2020 የወጡት ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ሁለቱም ኤኤምዲ የሚባለውን ኩባንያ ቺፕ ነው የሚጠቀሙት። ሁለቱም 16 ጊጋባይት ሜሞሪ አላቸው። ሁለቱም ሲወጡ ዋጋቸው 499 ዶላር ነበር። ክርክሩ የሚነሳው «ቴራፍሎፕ» በሚባል ቁጥር ነው። ኤክስቦክስ 12 ነው፣ ፕሌይስቴሽን 10.28 ነው። አንድ ቴራፍሎፕ ማለት በሰከንድ አንድ ትሪሊዮን ስሌት ነው። ስለዚህ ኤክስቦክስ ይበልጣል?

በወረቀት አዎ። ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ሁለት ቡድኖች አስቡ። አንዱ 36 ሠራተኛ አለው፣ እጃቸው ይፈጥናል። ሌላው 52 ሠራተኛ አለው፣ እጃቸው ትንሽ ዘግየት ይላል። ሁሉም ሰው ሥራ ካገኘ 52ቱ ብዙ ያነጥፋሉ። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ግማሹ ቆሞ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ፈጣኖቹ 36 አይቀደሙም። ፕሌይስቴሽን 36 የስሌት ክፍል እስከ 2.23 ጊጋኸርዝ ያስሮጣል። ኤክስቦክስ 52 ክፍል በ1.825 ጊጋኸርዝ። ውጤቱን ቴሌቪዥን ላይ ጎን ለጎን ሲያዩት አንዱ ጌም እዚህ ትንሽ ይጠራል፣ ሌላው እዚያ። ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው አይለየውም። እኔ አልለየውም።

የሚለየው ሌላ ነገር ነው። ከድሮዎቹ ወደ አዲሶቹ ማሽኖች ስንመጣ ትልቁ ለውጥ የማከማቻው ፍጥነት ነው። ይህን ለእትዬ ሳስረዳ በወጥ ነው የጀመርኩት። ወጥ እየሠሩ ሽንኩርት አነሰ እንበል። ሽንኩርቱ ጓዳ ካለ ዘወር ብለው ያመጡታል። መርካቶ ድረስ ልጅ መላክ ካለ ግን ምድጃው ላይ ያለው ያርራል። ፕሌይስቴሽን 4 መርካቶ የሚልክ ማሽን ነበር። ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ ከ50 እስከ 100 ሜጋባይት ያነባል። የፕሌይስቴሽን 5 ማከማቻ በሰከንድ 5.5 ጊጋባይት ያነባል። የኤክስቦክሱ 2.4 ጊጋባይት። ሁለቱም ጓዳ ናቸው፣ የሶኒው ጓዳ ቀረብ ይላል። ለዚህ ነው ድሮ «እየጫነ ነው» የሚለውን ጽሑፍ እያየን ሻይ የምንጠጣው፣ አሁን ግን ቁልፉን ሳንለቅ ጨዋታው የሚከፈተው።

ሁለተኛው ነገር በሰከንድ የሚታየው ምስል ብዛት ነው። ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ከተቀየረ አንዱ ምስል 33 ሚሊሰከንድ ይቆያል። 60 ከሆነ ወደ 17 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ኳስ ሲያቀብሉ፣ መኪና ሲያጥፉ፣ እጅ ያዘዘውና ዓይን ያየው ይቀራረባል። የፕሌይስቴሽን 4 ጌሞች ብዙዎቹ በ30 ነበሩ። አዲሶቹ ማሽኖች 60ን የተለመደ አደረጉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ቴሌቪዥናችሁ «ጌም ሞድ» የሚል ምርጫ ካለው አብሩት። ሳይበራ ሲቀር ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር ሲል ያዘገየዋል። ሰው ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ይደርሳል።

ጆይስቲክን በተመለከተ ግን አድልዎ አለብኝ፣ አልደብቅም። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ በእጄ ካለፉት ሁሉ ይበልጥብኛል። ከማሽኑ ጋር አስትሮስ ፕሌይሩም የሚባል ጌም በነጻ ይመጣል። ትንሿ ሮቦት አሸዋ ላይ ስትሄድ፣ በረዶ ላይ ስትንሸራተት፣ ዝናብ ሲዘንብባት መዳፍህ ይለየዋል። የጣት ማስፈንጠሪያዎቹ እንደ ሁኔታው ይከብዳሉ፣ ይቀላሉ። የጓደኛዬ አያት ዓይናቸው ደክሟል። ጆይስቲኩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥንላቸው። «ዝናብ ነው» አሉ። ማንም አልነገራቸውም። ሮቦቷ ከዚያ በኋላ በ2024 አስትሮ ቦት በሚል ትልቅ ጌም ተመልሳ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብላለች። ይገባታል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከእነዚህ ኩባንያዎች አንዳንዶቹ ማሽኑን ሲሸጡ ብዙም አያተርፉም። የማይክሮሶፍት ኃላፊ በ2021 ፍርድ ቤት ቀርበው ኩባንያው ከኤክስቦክስ ማሽን ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ መስክረዋል። ነገሩ እንደ ሲም ካርድ ነው። ሲሙ ርካሽ ነው፣ ገንዘቡ ያለው በየቀኑ በሚሞላው ካርድ ላይ ነው። ኮንሶልም፣ ማለትም እነዚህ የጌም ማሽኖች፣ ያው ነው። ገንዘቡ ያለው ከጌም ሽያጭ በሚወሰደው ድርሻ ላይ ነው፣ በተለምዶ 30 በመቶ። በየወሩ የሚከፈለው ምዝገባም አለ።

ይህን ከያዝን ብዙ ነገር ይገለጣል። ለምን ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ማሽን በርካሽ ይሸጣሉ? ዲስክ የሌለው ሰው መግዛት የሚችለው ከእነሱ ሱቅ ብቻ ስለሆነ ነው። ለምን «ይህ ጌም እኛ ጋ ብቻ ነው ያለው» ይላሉ? ጌሙን የፈለገ ሰው ማሽኑን እንዲገዛ ነው። ጎድ ኦፍ ዋርን የፈለገ ፕሌይስቴሽን፣ ዜልዳን የፈለገ ኒንቴንዶ፣ ሄይሎን የፈለገ ኤክስቦክስ።

ይህ የመጨረሻው ግን እየተቀየረ ነው። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 2023 አክቲቪዥን ብሊዛርድ የሚባለውን የጌም ኩባንያ ወደ 69 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ። ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለ ኩባንያ ጌሙን ለአንድ ማሽን ባለቤት ብቻ ሸጦ አይከሳም። በ2024 አራት ጌሞችን ወደ ተፎካካሪዎቹ ላከ። በ2025 የመኪና ጌሙ ፎርዛ ሆራይዘን 5 ፕሌይስቴሽን ላይ ገባ። የኤክስቦክስ ዓርማ የሆነው ሄይሎ ራሱ በ2026 ወደ ፕሌይስቴሽን 5 እንደሚመጣ በጥቅምት 2025 ተነግሯል። ልጅ ሆኜ ይህን ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

እኔ የፕሌይስቴሽን ሰው ነኝ። ሆኖም የኤክስቦክስ መዳከም አያስደስተኝም። ፊት ለፊት ሁለት ሱቅ ካለ ዋጋ ይረጋጋል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው እንደፈለገ ይጨምራል። ታሪኩን እዩ። ሶኒ በፕሌይስቴሽን 2 ድል ሰክሮ በ2006 ፕሌይስቴሽን 3ን እስከ 599 ዶላር አወጣው። ኤክስቦክስ 360 ቀድሞት፣ ረክሶ ገበያውን ተካፈለው። በዚያ ትምህርት ነው ፕሌይስቴሽን 4 በ399 የመጣው። አሁን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ድሮ ኮንሶል ሲያረጅ ይረክሳል፤ ፕሌይስቴሽን 2 በ299 ዶላር ጀምሮ በ2009 በ99 ይሸጥ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ግን ከወጣ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በነሐሴ 2025፣ አሜሪካ ውስጥ ከ499 ወደ 549 ዶላር ከፍ አለ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስም በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጨምሮ 649 ደረሰ።

በእኛ በኩል ሌላም ጭማሪ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። 499 ዶላር በባንክ ስሌት ብቻ ከ28 ሺህ ብር ወደ 50 ሺህ ብር ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ኮንሶል ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ተሳስተው የሚገዙት ዕቃ አይደለም።

ጌም ፓስና የአራት ኪሎ ዋይፋይ

ኤክስቦክስን የሚያወድሱ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ጌም ፓስ ይባላል። በ2017 ተጀመረ። በየወሩ ትከፍላለህ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጌሞች ይከፈቱልሃል። በ299 ዶላር ርካሹን ኤክስቦክስ፣ ሲሪስ ኤስን፣ ገዝቶ በጌም ፓስ መጫወት አሜሪካ ላለ ቤተሰብ ለረጅም ጊዜ ከሁሉም የረከሰ መንገድ ነበር። የላይኛው ምዝገባ በጥቅምት 2025 ከ19.99 ወደ 29.99 ዶላር እስኪዘል ድረስ።

አሁን ያንኑ ማሽን አራት ኪሎ እናምጣው። ሲሪስ ኤስ ዲስክ ማስገቢያ የለውም። ጌሙ ሁሉ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው። የአንድ ትልቅ ጌም መጠን 100 ጊጋባይት ሊሆን ይችላል። የቤትህ መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነና ሳይቆራረጥ ከሠራ 22 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ከሄደ ይቆማል፣ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እህትህ ዩቲዩብ ከከፈተች ይንቀራፈፋል። ማሽኑ ገና ከካርቶን ሲወጣ እንኳ ያለ ኢንተርኔት ሥራ አይጀምርም። ክፍያው ደግሞ በዶላር ነው፤ በብር የሚቆረጥበት መንገድ ፈልጌ አላገኘሁም።

ፕሌይስቴሽንም በዚህ በኩል ንጹሕ አይደለም። በሶኒ ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ልጆቻችን አካውንት የሚከፍቱት አሜሪካ ነን ብለው ነው፤ ከዚያ በቴሌግራም የስጦታ ካርድ ከደላላ ይገዛሉ። ይህ ያናድደኛል። ገንዘቡን ሊከፍል የተዘጋጀ ሰው አገሩን ደብቆ መግዛት የለበትም።

ልዩነቱ ዲስኩ ላይ ነው። ዲስክ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 አካውንት ሳይኖር፣ ኢንተርኔት ሳይኖር ዲስክ ይቀበልና ያጫውታል። ዲስኩ እስከ 100 ጊጋባይት ይይዛል። ከዱባይ ይምጣ ከአሜሪካ ማሽኑ አይመርጥም። ጨርሰህ ስትሰለች ታውሳለህ፣ ትለዋወጣለህ፣ ትሸጣለህ። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ለጌሙ ተጨማሪ ነገር በኢንተርኔት የምትገዙ ከሆነ አካውንታችሁና ዲስኩ የአንድ አካባቢ መሆን አለባቸው። ሁለተኛ፣ ቀጠን ብሎ የመጣው አዲሱ ፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ማስገቢያው ተነቃይ ነው። ለብቻው ገዝታችሁ ስትገጥሙት አንዴ ኢንተርኔት ይጠይቃል። በ2024 ሲወጣ 699 ዶላር የነበረው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ ማስገቢያው ጭራሽ አብሮት አይመጣም። ውድ ስለሆነ ሁሉ ነገር ያለው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

በኢንተርኔት ከሰው ጋር ስለ መጫወት ባጭሩ ልበል። ሰርቨሮቹ ሩቅ ናቸው። አዲስ አበባና ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚጓዘው። ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች በተፈጥሮ ሕግም አይቻልም። ኬብሉ ደግሞ በጅቡቲና በባሕር ዞሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኳሱ ዘግይቶ ሲሄድብህ ማሽንህን አትውቀስ። በየትኛውም ኮንሶል ያው ነው።

ኒንቴንዶን የሚያስታውስ ጠፋ

እዚህ ከተማ ስለ ኮንሶል ሲወራ ኒንቴንዶ አይነሳም። ደህና ኳስ ስላልነበረው ነው። የኳስ ጌም ሠሪው ኢኤ ለዓመታት ወደ ስዊች የሚልከው ፊፋ አሮጌው ነበር፤ ማሊያና ስም ብቻ እየተቀየረ። ደህና ኳስ የሌለው ኮንሶል አዲስ አበባ ላይ አይሸጥም።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ለቤተሰብ ከሆነ ኒንቴንዶን የሚያህል የለም። ስዊች በመጋቢት 2017 ወጥቶ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፣ ሲፈለግ ነቅለህ በእጅህ ትይዘዋለህ። ፕሌይስቴሽን 5 ሲጫወቱበት 200 ዋት አካባቢ ይበላል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስዊች መብራት ሲሄድ ምንም አይሆንም፤ ባለ ኦሌድ ስክሪኑ በባትሪው ከአራት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል። ሁለት ትንንሽ ጆይስቲኮች አብረውት ይመጣሉ። አንዱን ለታናሽህ ትሰጣለህ። ማሪዮ ካርት ላይ የስድስት ዓመት ልጅና የስልሳ ዓመት አያት አብረው ይነዳሉ፣ ሁለቱም ይስቃሉ። ከስዊች ጋር በአንድ ቀን የወጣው ዜልዳ ደግሞ፣ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ፣ ለእኔ ከተሠሩት ጌሞች ሁሉ የላቀው ነው። ያየኸውን ተራራ ሁሉ መውጣት ትችላለህ። ማንም እጅህን ይዞ አይወስድህም። ከእንጦጦ ላይ ከተማዋን ቁልቁል እያየ «ወደዚያ ብሄድስ?» ያለ ልጅ ስሜቱ ይገባዋል።

የስዊች ጌም ካርድ ደግሞ ምላስ ላይ ሲነካ እሬት ነው። ሕፃን እንዳይውጠው ሆን ብለው መራራ ነገር ቀብተውታል። እንዲህ የሚያስብ ኩባንያ ደስ ይለኛል። በሰኔ 2025 የወጣው ስዊች 2 ላይ ግን አንድ የማልወደው ነገር መጥቷል። አንዳንዶቹ ካርዶች ውስጣቸው ጌም የለም። ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙን ከኢንተርኔት አውርድ ይልሃል። በሩ እዚያም መጥበብ ጀምሯል። የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

ስለ መብራት ካነሳሁ አይቀር፣ ልጅ ሆኜ አጎቴ ከአሜሪካ አንድ የቆየ ኮንሶል ይዞልኝ መጣ። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ጠዋት ግድግዳው ላይ ሰካሁት። «ጧ!» አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ማሽኑ የ110 ቮልት ነበር፣ የእኛ መስመር 220 ነው። ትራንስፎርመር ያስፈልገው ነበር። ሳምንት ሙሉ አለቀስኩ። አዲሶቹ፣ ፕሌይስቴሽን 5ም፣ ሲሪስም፣ ስዊችም፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ። የሶኬቱን እግር ብቻ መቀየር በቂ ነው። መብራት ቦግ እልም በሚልበት ሰፈር ግን ስታቢላይዘር አይጥፋ።

በረካው ሲቀዳ እትዬ «እሺ ልጄ፣ ምን ብዬ ልጻፍለት?» አሉ። ስልኩን ተቀብዬ እሳቸው እያዩ ጻፍኩ፦

«ፕሌይስቴሽን 5፣ ዲስክ ማስገቢያ ያለው። ዲጂታል የሚል ከተጻፈበት ተወው። ፕሮም አይሁን። ማስገቢያው ተነቅሎ የሚገጠም ከሆነ እዚያው ቤትህ ግጠመውና አንዴ ከኢንተርኔት አገናኘው፣ አፕዴቱንም አውርድለት። ጌሞቹን በዲስክ ግዛ፣ ያገለገለ ቢሆንም ይሠራል። አንዱ የኳስ ይሁን። ጆይስቲክ ሁለት።»

«ሁለት ለምን? ልጁ አንድ ነው» አሉ።

«ጓደኞቹ እዚህ መጥተው እንዲጫወቱ ነው» አልኳቸው። «እኛ ጌም ቤት ስንሄድ እናቶቻችን የት እንዳለን አያውቁም ነበር። እሱ ሳሎን ይሆናል፣ እርስዎም ያዩታል።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው በአንድ ጣት ቀስ እያሉ መጨረሻው ላይ ጨመሩበት፦ «ጆይስቲክ ሦስት ይሁን። ሲበላሽ መለዋወጫ።» ላኩት። አሜሪካ ገና ሌሊት ነበር።